ቱንቢ እሑድ ዕለት የቀባው ግድግዳ

ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ቱንቢ ማለት ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይበት፣ በክር ጫፍ የሚንጠለጠል ብረት ነው። ሰውየው ግን ግንበኛ ሳይሆን ቀለም ቀቢ ነበር። ቢሆንም ዘንበል ያለ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ፣ ጉንጩ አብጦ፣ ሐኪሙ መርፌውን ይዞ እየጠበቀው፣ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ የተጣመመውን ካላንደር ያቃና ሰው ነው። ሚስቱ «እኔንም ያገባኝ ትከሻዬ እኩል ስለሆነ ነው» እያለች ትቀልድበታለች፤ እሱም «እሱማ ልክ ነሽ» ይላል እንጂ አይክድም።

አርባ ዓመት ሙሉ ቀብቷል። በዚያ ከተማ ቱንቢ ያልቀባው ነገር ቢኖር ሰማዩ ብቻ ነው ይባል ነበር፤ እሱንም መሰላል አጥሮት ነው። አሁን ጡረታ ወጥቶ ቤት ይውላል፣ ሚስቱም አምላኳን ትማፀናለች።

አንዲት ልጅ አለችው። እሷም እንጀራዋ ቀለም ነው፤ ግን ሠዓሊ ናት፣ ያውም የአብስትራክት። አሮጌ ቤቶች ውስጥ ትገባና የኮርኒሱን ጥርብ፣ የደረጃውን መደገፊያ፣ የበሩን መቃን፣ የተላጠውን ግድግዳ ስታይ ትውላለች። ከዚያ ሄዳ የምትሥለው በሩንም ደረጃውንም አይደለም። ከሁሉም ተራግፎ ቅርጹና ቀለሙ ብቻ ይቀራል። የሚወዱላት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አባቷ ከእነሱ ውስጥ ይኑር አይኑር ግን እሷም አታውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት የመጀመሪያ ትርኢቷን ስታሳይ ቱንቢ ክራቫት አስሮ ሄደ። ትልቁ ሸራ ፊት እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቆመ። ሸራው ግራጫ ነው፣ እዚህም እዚያም ከሥር ነጭ ብቅ ይላል። ቱንቢ አየ፣ አየና፣ መሰላል ላይ ሆኖ ሲጣራ በኖረበት ድምፅ «ሁለተኛው እጅ መቼ ነው የሚቀባው?» ብሎ ጠየቀ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እሱም አብሮ ሳቀ። ዞር ሲል ግን ልጁን አያት፤ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀርቷል። ከአፍ የወጣ አፋፍ። የባሰው ደግሞ ቀልድ አለመሆኑ ነው፤ የምሩን ነበር የጠየቀው፤ ለእሱ ቀለም ሁለት እጅ፣ ማለትም ሁለት ጊዜ ተደራርቦ፣ ካልተቀባ አላለቀም።

ከዚያ ወዲህ አንድም ትርኢቷ ላይ አልረገጠም። አንዴ ጉልበቴ ነው፣ አንዴ ወገቤ ነው፣ አንዴ ደግሞ «የቀለም ሽታ ያስነጥሰኛል» አለ፤ አርባ ዓመት ቀለም ሲምግ የኖረ ሰውዬ። ልጅቷም አልነዘነዘችውም። በየሳምንቱ ትመጣለች፤ ስለ ጣራው፣ ስለ ጎረቤት ውሻ፣ ስለ መድኃኒቱ ያወራሉ፤ ስለ ሥዕል ግን ትንፍሽ የለም። ይሄ ነገር ቱንቢን ውስጥ ውስጡን ይበላው ነበር። በሰው ፊት አዋርጃታለሁ ብሎ ነው የሚያስበው። እንዴት አድርጎ እንደሚክሳት ነው የጠፋው።

አንድ ቀን ታዲያ ሚስቱ ሸሚዝ እየተኮሰች «ልጅህ ሰኞ ከሰዓት ትርኢት ትከፍታለች» አለችው።

«የት?»

«የዳኛው ቤት። ታችኛው ሳሎን።»

ቱንቢ የያዘውን ጋዜጣ አስቀመጠ። የዳኛውን ቤት አራት ጊዜ ቀብቶታል። መጀመሪያ ሽማግሌው ዳኛና ሚስታቸው ሲኖሩበት፣ ገና ሥራ ለማጅ ሆኖ፤ ኋላም ቢሮ ሲሆን፣ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱም ሲለቅ። አሁን ባዶውን ቆሞ ሰው የሚጎበኘው አሮጌ ቤት ነው።

«እና ምን አለች?»

«ጉልበቱ ከፈቀደለት ይምጣ አለች።» ሚስቱ ካውያውን አነሳች። «እኔ የጨመርኩት ቃል የለም።»

ቱንቢ ያን ሌሊት ጉልበቱን ሲደባብስ አደረ። ጉልበቱ ምንም አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት «ዳቦ ልገዛ» ብሎ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ዳኛው ቤት ሄደ። ጥበቃው ያውቀዋልና በጓሮ በር አስገባው። ሳሎኑ ወለል ላይ አሥራ አንድ ሥዕሎች በጨርቅ ተጠቅልለው፣ ከበሩ አጠገብ ተደግፈው ቆመዋል። ቱንቢ እነሱን አላያቸውም። ያየው ግድግዳውን ነው።

ትልቁ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ተልጧል። ጥቁር ቀዩ ከቢጫው ላይ ተነስቶ፣ ቢጫው ከሰማያዊው ላይ ረግፎ፣ ከሁሉም ሥር አረንጓዴ እያፈጠጠ ነው። መስኮቱ ሥር ውሃ የሰረገበት ቡናማ ጠባሳ ወርዷል። ስንጥቁ ደግሞ ጣት ያስገባል። ቱንቢ ደሙ ፈላ። ለሌላ ሰው ቢሆን ይሄን ይሰጡ ነበር? የቀለም ቀቢ ልጅ ናት ብለው ንቀታቸው እኮ ነው። ሰው ሰኞ ሲመጣ እሷን ሊያይ ነው ወይስ ይሄን እከክ? እዚያው ቆሞ ሳለ ለአሥራ አምስት ዓመት የፈለገው ነገር ራሱን ችሎ መጣለት። ሥዕል አያውቅም፣ ይሁን። ግድግዳ ግን ያውቃል።

እሑድ በማለዳ የዱሮ ባልደረባውን፣ ለሳኙን፣ ጀሶን ይዞ ደረሰ። ጀሶ ስሙ የወጣለት ከሚያቦካው ጀሶ ነው፤ ቀጭን፣ ነጭናጫ፣ እጁ ግን ወርቅ። ሁለት ባልዲ ነጭ ቀለም፣ ስቱኮ፣ ሁለት ስፓቱላ፣ የብርጭቆ ወረቀትና አንድ መሰላል ይዘዋል።

«ጠይቀሃታል?» አለ ጀሶ ግድግዳውን እያየ።

«ስጦታ ይጠየቃል እንዴ?»

«ሰውዬ፣ የሰው ቤት እኮ ነው።»

«የሰው ቤት? ይሄን ቤት ከዳኛው ይልቅ እኔ ነኝ የዳበስኩት። በል አቡካ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ጀሶም ይሄን ስለሚያውቅ ኮቱን አውልቆ ገባበት። ጥበቃው በር ላይ ቆሞ አንገቱን ሲያክ ቆየና «ለመሆኑ ይፈቀዳል ወይ ጋሽ ቱንቢ?» አለ። «የማን ልጅ ናት የምታሳየው?» አለው ቱንቢ። «የእርስዎ።» «እንግዲያው።» ጥበቃውም ሻይ ሊያፈላ ሄደ።

እንዲያ ያለ ደስ የሚል ቀን ቱንቢ ጡረታ ከወጣ ወዲህ አላየም። የተነሳውን ቀለም በስፓቱላ ሲያረግፉት እንደ ቅጠል ከእግራቸው ሥር ተከመረ። ግድግዳው ላይ እዚህም እዚያም በጠመኔ የተጻፉ ቁጥሮች ነበሩ፤ ልጆች የሞነጫጨሩት መስሎት በእርጥብ ጨርቅ ጠረጋቸው። ስንጥቁን ጀሶ ሞላው፣ የውሃውን ጠባሳ ሁለቴ ስቱኮ አበሉት፣ ፀሐዩም በሦስቱ መስኮት ገብቶ አደረቀላቸው። አሸት አሸት አድርገው አንደኛውን እጅ ቀቡ። ዳቦና ሻይ ቀመሱ። ጀሶ የማያውቀውን ዘፈን በማያውቀው ዜማ ዘፈነ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለተኛው እጅ አልቆ ወደኋላ ሲቆሙ፣ ግድግዳው የተላጠ እንቁላል መስሎ ነበር። ቱንቢ ቤቱ ሄዶ እንደ ድንጋይ ተኛ።

ሰኞ ጠዋት ኮቱን ለብሶ፣ ሚስቱንና ጀሶን አስከትሎ ሳሎኑ ውስጥ ቆሞ ጠበቃት። ሚስቱ ነገሩን የሰማችው መንገድ ላይ ነው፤ ሰምታም እርምጃዋን አፈጠነች፤ ይሄ ራሱ ደግ ምልክት አልነበረም። ልጅቷ ከቤቱ ኃላፊ፣ መነጽር ካደረጉ ትልቅ ሴትዮ ጋር እያወራች ገባችና በሩ ላይ ቀጥ አለች።

«አባዬ» አለች፤ ድምፅዋ ቀጥኗል። «ግድግዳው የት ሄደ?»

«ይኸውልሽ እንጂ» አለ ቱንቢ መዳፉን እያሳረፈበት። «ሁለት እጅ ነው፤ ከሥር ስቱኮ አለው። ለአሥር ዓመት አይነካም።»

ልጅቷ አጠገቧ በነበረው ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ቱንቢ ደስታ ያዞራት መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ ፊቷን አየና ፈገግታው ቀስ እያለ ሸሸ።

«አንድ ዓመት ሙሉ እዚህ ስመላለስ ነበር» አለች። «አሥሩን ሥዕል የሠራሁት ከዚህ ግድግዳ ነው። ከእያንዳንዷ የተላጠች ቦታ። እያንዳንዱን ሥዕል ከወጣበት ቦታ አጠገብ ልሰቅለው ነበር፤ ሰው ግድግዳውንም ሥዕሉንም ጎን ለጎን እንዲያይ። ቦታውን በጠመኔ ቁጥር ጽፌበት ነበር። በሚቀጥለው ወር ሊለሰን ስለሆነ መሰናበቻው ነበር፣ አባዬ።»

ቱንቢ መዳፉን ከግድግዳው ላይ አነሳ። የጠረጋቸው ቁጥሮች ዓይኑ ላይ መጡ። ከሩቅ ጥበቃው «ማንም እንዳይነካው ብላኝ ነበር እኮ» አለ፤ «አባት ደግሞ ማንም ነው እንዴ ብዬ…»። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ጀሶ «ጠይቀሃታል ብዬው ነበር» ብሎ ለኃላፊዋ ሊያስረዳ ሲል የቱንቢ ሚስት በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ኃላፊዋ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ለግድግዳውስ ከወር በኋላ ያው ነበር» አሉ። «ለዛሬ ግን ምን እናደርጋለን?»

«ተበሳጭተሻል» አለ ቱንቢ።

«አዎ፣ በጣም ተበሳጭቻለሁ።» ልጅቷ ተነሳች። «ግድግዳው አይደለም ግን። ትላንት ቀኑን ሙሉ እዚህ ነበርክ። ሥዕሎቹ ከጎንህ ነበሩ። አንዱን እንኳ ገልጠህ አላየህም። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የሠራሁትን እንድታይልኝ። እንድትወደው አይደለም፤ እንድታየው።»

ቱንቢ አንገቱን ደፋ። ውሸቱን መያዝ ሰለቸው። «ጉልበቴ ምንም የለበትም» አለ። «አፈርኩ ነው። ያን ቀን ሰው እንዲስቅብሽ አደረግኩ፣ ዳግመኛ እንዳላዋርድሽ ነው የራቅኩት።»

«እኔን?» አለች። «እኔ እኮ ባንተ የሳቁ መስሎኝ ነው ያዘንኩት። ልጠይቅህ ስዞር ወጥተህ ሄደሃል።»

አባትና ልጅ ተያዩ። አሥራ አምስት ዓመት አንዱ ለሌላው እያዘነ። የቱንቢ ሚስት «ሁለታችሁም አንድ ናችሁ፣ ድሮም አውቃችኋለሁ» ብላ ሥዕሎቹ ወደተደገፉበት ሄደችና የመጀመሪያውን ጨርቅ ራሷ ገለጠችው። «አሥር ሰዓት ላይ ሰው ይመጣል። በል እይ።»

ቱንቢ መነጽሩን አወጣና ቀረበ። ክንድ የሚያህል ሸራ ነው፤ አረንጓዴ፣ በአረንጓዴው መካከል የተቆለመመ ክሬም መስመር። መጀመሪያ ምንም አልታየውም። ላብ አጠመቀው። ምን እንደሚል ማሰብ ትቶ እንዲያው ቀለሙን ብቻ ማየት ጀመረ፤ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራለት።

«ይሄ የኔ አረንጓዴ ነው» አለ።

«አዎ» አለች ልጁ።

«የዳኛው ሚስት የሣር አረንጓዴ አልፈልግም፣ የአተር ነው የምፈልገው ብለው አንዲት አተር በሰሃን አመጡልኝ። በሷ ልክ በጠበጥኩት። በሦስተኛው ቀን አተሯ ጠወለገች፤ ቀለሙም አብሮ ይጠውልግ አሉኝ። ይኸው፣ ይሄ ጠውላጋው ነው።» አፍንጫው ሸራውን ሊነካ ደረሰ። «ይሄ መስመር የተላጠው ቀለም ጠርዝ ነው፤ ከመስኮቱ ቀኝ፣ ከላይኛው መቃን አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ።» እርሳስ ከጆሮው አወረደ፤ ኮት ለብሶም እርሳሱ ጆሮው ላይ ነበር። ሄዶ ነጩ ግድግዳ ላይ ምልክት አደረገ። «እዚህ።»

ልጅቷ ማስታወሻ ደብተሯን ገለጠች። የሣለችው ንድፍ ላይ ያለው ያው ቦታ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚያቆመው አልተገኘም። ሁለተኛውን ገለጠ፤ ቡናማው የውሃው ጠባሳ መሆኑን ገና ከሩቅ አወቀ። «አሸንዳው የተበሳው ትምህርት ቤቱ እያለ ነው፣ ንገሩኝ ብዬ ነበር።» በጥቁር ቀይ ላይ ቀጫጭን መስመር የተሰመረበትን ሲያይ ሳቁ መጣ። «ይሄማ ጥላ ነው። ከሰዓት ፀሐይ ሲገባ ከኮርኒሱ ጥርብ ሥር የሚወርደው። ለማጅ ሆኜ እዛ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ በጣት ብሩሽ ስጠርግ ሁለት ሳምንት ከርሜያለሁ።» አምስተኛው ላይ ተጣሉ። ሰማያዊው ጸድቷል፣ እንዲህ ንጹሕ አልነበረም አለ። እንዲጸዳ ፈልጌ ነው አለች። «ታዲያ ውሸት ነዋ።» «ውሸት አይደለም፣ ምርጫ ነው።» «እኔ ደንበኛ ፊት ምርጫ ነው ብል ያባርረኝ ነበር።» ልጅቷ ሳቀች፤ ስትስቅ ቱንቢ ሌላ የሚያጣላ ነገር ፍለጋ ስድስተኛውን ገለጠ።

«እኛ ይሄን እከክ ነው የምንለው» አላት ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ። «ፍቀህ ትጥለዋለህ፣ በቃ። አንቺ ግን…» አልጨረሰውም። በጁ ሸራውን ሳይነካ ዙሪያውን አየር ላይ ዳሰሰው።

አሥሩም ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ጀሶ ምስማር መታ፣ ጥበቃው መሰላል ያዘ፣ ኃላፊዋ በየሥዕሉ ሥር የሚለጠፈውን ወረቀት አስተካከሉ። አሥራ አንደኛው ሲገለጥ ግን ቱንቢ ቆመ። የትሪ ስፋት ያለው ሸራ ነው፤ አጫጭር፣ ወፋፍራም የብሩሽ ምቶች፣ እያንዳንዱ ሌላ ሌላ ቀለም፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ። አንገቱን አጋደለ፣ ራቀ፣ ቀረበ። አልመጣለትም። ይሄን ያህል አውቆ አንዱን አላውቅም ማለት ደግሞ ሞት ሆነበት። «እሱን ጥግ ስቀሉት» አለ። ልጁ አየት አደረገችውና ጥግ ሰቀለችው።

አሥር ሰዓት ላይ ሰው ጎረፈ። ቱንቢ መጀመሪያ ከበሩ ኋላ ቆሞ ነበር። አንዲት ሴት ስለ አረንጓዴው ሥዕል ለጓደኛዋ ስትናገር ሰማ፤ ባሕር ነው ትላለች። አላስቻለውም። «አተር ነው» አለና የአተሯን ታሪክ ነገራት። ሌሎች ሰዎች ጠጋ አሉ። ከዚያ ወዲያ እሱ እየመራ፣ ሰው እየተከተለው፣ ከሥዕል ሥዕል ይዟቸው ዞረ። ነጩ ግድግዳ ላይ መዳፉን እያሳረፈ «እዚህ ጋ ስንጥቅ ነበር፣ ጣት ያስገባል» ሲል ሰዎቹ ባዶውን ነጭ ያያሉ፣ ሥዕሉን ያያሉ፣ እንደገና ነጩን ያያሉ። ሲስቁ አብሯቸው ይስቃል፤ በዚያ ሳቅ ውስጥ ልጁም ነበረች። ጀሶ ለጥበቃው «ግድግዳው ቢኖር ይሄ ሁሉ ሰው እሱን አይቶ ይሄድ ነበር» አለው፤ ነገሩን ራሱ ያሰበው ይመስል።

መጨረሻ ላይ ጥጉ ጋ ደረሱ። አንድ ረጅም ሰውዬ ወደ ትንሿ ሸራ ጎንበስ ብሎ «ይሄኛውስ ከየት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ከቁምሳጥኑ ጀርባ» አለ ቱንቢ ዓይኑን ሳያሽ።

«አይደለም አባዬ» አለች ልጁ ከኋላው። «እሱ ከዚህ ቤት አይደለም።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ቱንቢ ጆሮው ጋለ። «ታዲያ ከየት ነው?»

«ከኛ ግቢ። ቧንቧው ጋ ካለው ግድግዳ።»

ቱንቢ መጀመሪያ አልገባውም። ከሥራ ሲመለስ ብሩሹን ከማጠቡ በፊት ትራፊውን ቀለም የሚጠርግበት ግድግዳ ነው፤ ግራ ቀኝ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ወደ ቧንቧው ይዞራል፤ ይሄን ለአርባ ዓመት በየቀኑ አድርጎታል፣ አንድ ቀንም ቀና ብሎ አይቶት አያውቅም። «እሱ ደግሞ ግድግዳ ነው እንዴ?» አለ። «ብሩሽ መጥረጊያ እኮ ነው።»

«ልጅ ሆኜ አንተ ስትገባ እኔ ተኝቻለሁ» አለች። «ስነቃ ደግሞ ወጥተሃል። እና ጠዋት ጠዋት ሄጄ ግድግዳውን አየዋለሁ። አዲሱ ቀለም የቱ እንደሆነ እፈልጋለሁ። ትላንት የት እንደዋልክ የማውቀው ከእሱ ነበር። ቀለም ማየት የጀመርኩት እዛ ነው፣ አባዬ።»

«ሁለቴ ግቢውን በሙሉ ነጭ ሊቀባ ተነስቶ ብሩሹን የደበቅኩበት እኔ ነኝ» አለች ሚስቱ ለረጅሙ ሰውዬ፤ ሰውየው ማወቅ እንዳለበት ሁሉ።

ቱንቢ ዕንባው መጣ፣ አልደበቀውም፤ ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ በሰው ፊት አበሰና መነጽሩን መልሶ አደረገ። ከዚያ ሸራው ፊት ጎንበስ አለ። በጣም ቆየ። ሰዎቹ አንድ ሁለት እያሉ ወደ ሌላው ሄዱ።

«ይሄ ክሬም» አለ በመጨረሻ፣ ጣቱን ሳያስነካ እየጠቆመ፣ «የሆስፒታሉ ኮሪደር ነው። አንቺ የተወለድሽ ዓመት። ቀን ቀን እቀባለሁ፣ እግረ መንገዴን እናትሽ የተኛችበት ክፍል ብቅ እላለሁ። ይሄ ቡኒ ደግሞ የትምህርት ቤትሽ በር ነው፤ ርካሽ ቀለም ነበር፣ እጄን ሦስት ቀን አልለቀቀኝም።»

«ይሄኛውስ?»

«ቆይ፣ በተራ።»

ልጅቷ ሣጥኑን ጎትታ አጠገቡ ተቀመጠች። ጥበቃው መስኮቶቹን መዝጋት ሲጀምር፣ ጀሶም የቱንቢን ሚስት ይዞ በር ላይ ሲጠብቅ፣ ቱንቢ ገና ሰባተኛው ቤት ላይ ነበር።